ስለ ቴሌቪዥንና ስለ ልጆች ምሽት

ዛሬ ልጆች በቴሌቪዥን ተበላሹ እየተባለ በየቤቱ ይነገራል። ነቀፌታው ከንቱ ነው አልልም፤ ነገር ግን የነገሩን ጥንት ያልመረመረ ሰው ፍርዱ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላልና፣ ከመፍረዳችን አስቀድሞ ታሪኩን ጥቂት እንመልከት።

በሀገራችን ቴሌቪዥን መታየት የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል በሚከበርበት ዕለት ነው። ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ነበረ፤ ጣቢያውም የሚሠራው በምሽት ለጥቂት ሰዓቶች ብቻ ነው። መሣሪያው በጥቂቶች ቤት ስለ ነበረ፣ የሌለው ሰው ልጆቹን ወደ ጎረቤት ይሰዳል። እኔም ከቅኔ ቤት ወጥቼ ወደ ከተማ በገባሁ ጊዜ ይህ ልማድ ገና ሳይጠፋ ደርሼበታለሁ። ሣጥኑ እንደ ክቡር ዕቃ ዳንቴል ለብሶ ይቀመጣል፤ ልጆች ጫማቸውን ከደጅ አውልቀው ከምንጣፉ ላይ ይደረደራሉ፤ የቤቱ እመቤትም ቡና እያፈሉ የሚታየውን ሁሉ ከኋላቸው ሆነው አብረው ያያሉ። ሲመሽም «በሉ ልጆች፣ እናቶቻችሁ ይጠብቋችኋል» ብለው ያሰናብታሉ።

ለልጆች ተብሎ ከቀረበው ሁሉ ከሰው ልብ ያልወጣው የአቶ ተስፋዬ ሣህሉ ተረት ነው። ሕዝቡ አባባ ተስፋዬ እያለ የሚጠራቸው እኒህ ሰው አስቀድሞ የቴአትር ተዋናይ ነበሩ፤ ሴቶች ወደ መድረክ በማይወጡበት ዘመን የሴት ልብስ ለብሰው የተጫወቱም እርሳቸው ናቸው። ከጣቢያው መጀመሪያ አንሥተው ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ሲተርቱ ኖረው ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. ዐረፉ። ወጋቸው ከምድጃ ዳር የተወሰደ በመሆኑ የሣጥኑ እንግድነት ተረሳ። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ጎድሎ ነበር። ከምድጃ ዳር የሚተርት አያት የልጁን ፊት ያያል፤ ልጁ ቢፈራ የጅቡን ነገር ያሳጥርለታል፤ ቢጠይቅ ይመልስለታል። በሣጥኑ ውስጥ ያለ ተራች ግን፣ የቱንም ያህል ደግ ቢሆን፣ የሚሰማውን ልጅ አያይም። ያን ጊዜ ይህን ጉድለት የምትሞላው ያች ቡና የምታፈላው እመቤት ነበረች።

ከዘመናት በኋላ የሳተላይት ዲሽ በየጣራው ተተከለ። በ2008 ዓ.ም. ቃና የተባለው ጣቢያ የባዕድ ሀገር ድራማዎችን ወደ አማርኛ ድምፅ እየመለሰ ማሳየት በጀመረ ጊዜ ስለ ባህል ብዙ ክርክር ተነሣ። እኔን ግን ከዚያ ይልቅ የሚያሳስበኝ የሰዓቱ ነገር ነው። ቀድሞ ልጅን ወደ መኝታው የሚሰደው ጣቢያው ራሱ ነበረ፤ ስርጭቱ ሲያበቃ ሣጥኑ ዝም ይላል፤ አባት መቈጣት፣ እናትም መለመን አያስፈልጋቸውም። ስለዚህ የዚያ ዘመን ወላጅ ልጁን የከለከለ እርሱ ይመስለው ነበር እንጂ፣ በእውነቱ የሚከለክልለት ሌላ ነበረ። ጣቢያዎች ሌሊትና ቀን የማይዘጉ በሆኑ ጊዜ ሥልጣኑ በድንገት ወደ ወላጅ ተመለሰ፤ ወላጅም ከቶ ያልተለማመደውን ሥራ ተረከበ።

ባለፈው ክረምት አንድ የሰፈራችን ሰው «መምህር፣ ልጄ ከቴሌቪዥኑ ፊት አልነሣም አለኝ፤ ምን ባደርግ ይሻላል?» ሲሉ ወደ እኔ መጡ።

«ለመሆኑ ከእርስዎ ቤት በስንት ሰዓት ይጠፋል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

ጥቂት አሰቡና «እኔማ ከወንበሩ ላይ እንዳለሁ እንቅልፍ ይወስደኛል፤ የሚያጠፋው ልጁ ነው» አሉኝ።