የሰልፉ ወሬ

እስቲ ጠጋ በሉ፤ የሰልፍ ወሬ ላውራችሁ።

እኛ የየካ ሚካኤል ሰፈር ሰዎች ሰልፍ ብርቃችን አይደለም። የቦኖ ውሃ፣ የስኳር፣ የዘይት፣ የመገናኛ ታክሲ፣ ሁሉም ላይ ቆመናል። እያንዳንዱም የራሱ ወሬ አለው። ቦኖ ላይ ምራት ትታማለች፣ ስኳር ላይ ቀበሌ ይታማል፣ ታክሲ ላይ ሁሉም ስልኩን እያየ ዝም ይላል። የምርጫ ሰልፍ ወሬ ግን እንደየዘመኑ ይለያያል። ምርጫው የምር ነው ወይስ የይስሙላ የሚለውን እኔ የምለየው በዚያ ነው፤ የፖለቲካ ተንታኞች በሌላ ይለዩት፣ አልጣላቸውም።

አያቴ የጃንሆይን ዘመን ምርጫ ታስታውስ ነበር። ያኔ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት በየአራት ዓመቱ ይመረጣል፤ ፓርቲ የሚባል ነገር የለም፤ ሰው በግሉ ይወዳደራል፤ ለመወዳደርም ንብረት ያለው መሆን ነበረበት። ሴት እንድትመርጥ የተፈቀደው በ1948ቱ ሕገ መንግሥት ነው፤ በዚያው ሕገ መንግሥት በተካሄደው የመጀመሪያ ምርጫም ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ተመርጠው ፓርላማ ገብተዋል። አያቴ ይህን ስታወራ ደረቷ ይነፋል። እናቴ ደግሞ በደርግ ዘመን፣ በ1979 ሰኔ፣ ለብሔራዊ ሸንጎ መርጣለች። «ሰልፉ ላይ ምን ተወራ?» ብዬ ብጠይቃት፣ «ምን ይወራል፤ ስለ ዝናቡ ነዋ!» አለችኝ። ይኸው፣ ስለ ሸንጎው ምርጫ ከዚህ በላይ ማወቅ አላስፈለገኝም።

አሁን ወደ ግንቦት 7 ቀን 1997 እንሂድ።

ዕለቱ እሑድ ነበር። ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት በቴሌቪዥን ክርክር ሲተላለፍ፣ ኤሌክትሪክ ያለበት ቤት ሁሉ ጎረቤት እየጠራ ሲያይ ከርሟል። ሚኒስትር ሲጠየቅ፣ ሲያልበው፣ ውሃ ሲጎነጭ ዓይቶ የማያውቅ ሕዝብ እኮ ነው! ከሳምንት በፊት፣ ሚያዝያ 30፣ ተቃዋሚው ቅንጅት የጠራው ሰልፍ መስቀል አደባባይን ሞልቶ ወደየመንገዱ ፈሷል። እናም የምርጫው ዕለት ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ብርድ ልብስ ተከናንበው የወጡ ነበሩ። ቅዳሴ ያስቀደሱት ነጠላቸውን እንዳጣፉ ከቤተ ክርስቲያን ቀጥታ መጥተው ተሰለፉ። ጣቢያው ሲከፈት ጭራው ታጥፎ፣ አስፋልቱን ይዞ ወደ ታች ወርዷል።

ከእንጦጦ ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱትም እናቶች ነበሩ። ሸክማቸውን አጥሩ ላይ ደርድረው አስደገፉት። የባሕር ዛፉ ሽታ ሰልፉን አጠነው። አንዷ «እኔ ውስጥ ስገባ ይሄን ማን ይጠብቅልኛል?» ስትል አንድ ተማሪ «እኔ እጠብቃለሁ፤ ዕድሜዬ ለመምረጥ አልደረሰም» ብሎ ቅጠሉ ሥር ቁጭ አለ። ማንበብ እንደማትችል ነገረችን፤ አላፈረችም። «ንቧን አውቃታለሁ፤ ጣቱንም አውቀዋለሁ። ከዚህ ወዲያ ፊደል ምን ያደርግልኛል?» ንብ የገዢው ፓርቲ የኢሕአዴግ ምልክት ነበረች፤ ሁለት ጣት የቅንጅት።

የጣቱ ነገር ጉድ አስከትሏል። ከፊታችን የቆሙ አንድ ጋሼ፣ ብርዱ ሲጠናባቸው፣ ከመንገዱ ማዶ ሻይ የሚሸጠውን ልጅ ለእሳቸውና ለባለቤታቸው ሊያዙ ሁለት ጣታቸውን ከፍ አደረጉ። የቆምነው በሩ አጠገብ ነው። ታዛቢዋ ከውስጥ ብቅ አለች።

«ጋሼ፣ እዚህ ቅስቀሳ ክልክል ነው!»

«የኔ ልጅ፣ ሻይ ነው ያዘዝኩት!»

«እንግዲያው ሦስት ይዘዙ!»

ሦስት አዘዙ። ሦስተኛውን ለእሷ ላኩላት። እሷም አልጠጣም አለች፤ ጉቦ ይመስላል ብላ። ሻዩ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር በረደ።

የዚያን ቀን ወሬ ሁሉ ክርክር ነበር። ስለ መሬት፣ ስለ ኤርትራ፣ ስለ አሰብ፣ ስለ ኮንዶሚኒየም። ባልና ሚስት ተለያይተው ይከራከራሉ፤ የኢሕአዴግ ደጋፊ ነኝ የሚል ሰው ደፍሮ ይናገራል፤ ይመልሱለታል፤ ይስቃል። ማን እንደሚያሸንፍ የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። ይሄን ልብ በሉልኝ። አለማወቃችን ነበር ያን ሁሉ ሰዓት በእግራችን ያቆመን። እኔ የመረጥኩት ከቀትር በኋላ ነው፤ ከኋላዬ የነበሩት ሲመሽ። ጣቴን ቀለም ነክሬ ስወጣ እግሬን አላገኘሁትም፤ ደንዝዞ።

ቆጠራው እዚያው ጣቢያው ውስጥ ሌሊቱን ሲካሄድ አደረ። ጎረምሳው ሁሉ ከአጥሩ ውጪ ኮሮጆ ሲጠብቅ አደረ፤ እኛ ሰፈር የድምፅ መስጫውን ሳጥን ኮሮጆ እንጂ ሳጥን የሚለው የለም። ያን ምሽት ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በቴሌቪዥን ቀርበው በአዲስ አበባ ሰላማዊ ሰልፍ ለአንድ ወር መከልከሉን ተናገሩ። አጥር ሥር ለነበሩት ግን ወሬው አልደረሰም። ሲነጋ ውጤቱ በር ላይ ተለጠፈ።

በከተማው 23ቱም የፓርላማ መቀመጫ የቅንጅት ሆነ፤ ከከተማው ምክር ቤት 138 ወንበር ደግሞ 137ቱ። አዲስ አበባ የመረጠችው ምክር ቤት ግን ከተማዋን አላስተዳደረም። በውጤቱ ላይ ውዝግብ ተነሣ፤ ሰኔ 1 ቀን ተኩስ ተሰማ፤ በጥቅምት 1998 ደግሞ ባሰ። ነገሩን እንዲያጣራ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን አባላት 193 ሰላማዊ ሰዎች መገደላቸውን ይፋ አድርገዋል። ለከንቲባነት የተመረጡት ብርሃኑ ነጋ እስር ቤት ገቡ። ከእሳቸው ጋር ከታሰሩት መሪዎች አንዷ የኛው ክፍለ ከተማ ልጅ፣ የፈረንሳይ ለጋሲዮኗ ብርቱካን ሚደቅሳ ነበረች። አንቺ የምላት ንቄ እንዳይመስላችሁ፤ እዚያ ሰፈር እንዲያ ነው የምትጠራው። ዳኛ ሳለች የቀድሞውን የመከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃን በዋስ የለቀቀችው እሷ ናት።

ከዚያ በኋላ «ግንቦት 7» ራሱ የድርጅት ስም ሆነ፤ ድርጅቱም በ2003 አሸባሪ ተባለ። ልጁ በዚያው ዕለት የተወለደለት አንድ ጎረቤታችን ስለ ልደቱ ሲጠየቅ «የግንቦት 8 ዋዜማ ነው» ይል ነበር። እንሳቅ እንጂ ሰውዬው የምሩን ነበር።

በ2002 እና በ2007 ምርጫ ላይ ብዙ አላቆያችሁም። ሰው ተሰልፏል፤ አልተሰለፈም አልልም። አንድ ለአምስት ተደራጅተን አልነበር? ከአምስቱ አንዱ ከቀረ የሚጠይቅ ነበር። ሰው የሚወጣው ጣቱ ላይ ቀለሙ እንዲታይለት ነበር። በሰልፉ ላይ ስለ ጤፍ ዋጋ ተወራ፤ ስለ ልጆች ፈተና ተወራ፤ ስለ ምርጫው ማንም ትንፍሽ አላለም። በ2002 ከ547 መቀመጫ 545ቱ የኢሕአዴግና የአጋሮቹ ሆነ። በ2007 የቀረችውም አልቀረች፤ 547ቱም። እኔ በ2007 መርጬ ስመለስ ቤት ውስጥ ያለው ሰው «እንዴት ነበር?» እንኳን አላለኝም።

ሰኔ 14 ቀን 2013 ደግሞ ሰኞ ዋለ። የሰኔ ሚካኤል ከተከበረ ሁለተኛው ቀን ነው፤ ሰፈሩ ገና የዓመቱን ንግሥ ድካም አልጨረሰም። ምርጫው መጀመሪያ በ2012 ነሐሴ ሊካሄድ ነበር፤ ኮሮና አስተላለፈው፤ ከዚያም ከግንቦት መጨረሻ ወደ ሰኔ ተገፋ። ያኔ ምርጫ ቦርድን ትመራ የነበረችው ማን እንደሆነች ታውቃላችሁ፤ ያቺው የፈረንሳይ ለጋሲዮን ልጅ፣ ብርቱካን። በ97 ድምፃችንን ጠይቃ የታሰረች ሴት በ2013 ድምፃችንን አስቆጣሪ ሆነች። ብርሃኑ ነጋ በኢዜማ ፓርቲ ምልክት በሚዛን ይወዳደሩ ነበር፤ ገዢው ብልጽግና በአምፖል። እስክንድር ነጋ ከእስር ቤት ሆኖ የባልደራስ ፓርቲ ዕጩ ነበር።

ጭምብል አድርገን፣ ጃንጥላ ይዘን ቆምን። ወሬው? ግማሽ በግማሽ። ስለ ከተማው ጮክ ብለው የሚከራከሩ ነበሩ። ስለ ትግራይ ሲነሳ ግን ድምፅ ዝቅ ይላል፤ እዚያ ጦርነት ነበርና ድምፅ አልተሰጠም። ከእኔ ፊት አንዲት ወጣት ቆማለች፤ የመጀመሪያ ምርጫዋ ነው።

«በ97 የነበረውን ሰልፍ አታውቂውም» አልኳት፤ የትልቅ ሰው ኩራት ነገር።

«ኧረ ተሰልፌያለሁ!» አለችኝ። «እናቴ አዝላኝ። እንዲያውም እኔን ስላዘለች ቅድሚያ ሰጥተዋት ቶሎ ገብታለች። ወንድሟ ልጅሽን አውሺኝ ብሏት ነበር አሉ።»

ሰልፉ ሳቀ። ከኋላ አንዱ «አሁንስ የምናዝለው አጣን!» አለ።

ሲመሽ ሰልፉ አላለቀም ነበር፤ ማብቂያው ከምሽቱ 12 ሰዓት ወደ 3 ሰዓት ተራዘመ። ውስጥ ሁለት ወረቀት ሰጡን፤ አንዱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ አንዱ ለከተማው ምክር ቤት። የምልክቱ ብዛት ያስደነግጣል። ያቺ ቅጠል ተሸካሚ በዚህ ወረቀት ፊት ብትቆም ምን ትል ነበር እያልኩ ምልክቴን አደረግሁ።

ማን እንዳሸነፈ ሰምታችኋል፤ በሐምሌ መጀመሪያ ቦርዱ ሲያሳውቅ ከ436 መቀመጫ 410ሩ የብልጽግና ሆነ። እኔ ግን ልነግራችሁ የፈለግሁት በማግስቱ ጠዋት የሆነውን ነው። የጣቢያችን ውጤት በር ላይ ተለጥፎ ሰው በስልኩ ፎቶ ያነሳል። ያቺ ወጣትም መጥታለች። አንዲት ወገባቸው የጎበጠ እናት በሰው መሀል ገብተው ነጠላዋን ሳቡ።

«ልጄ፣ አንብቢልኝ።»

ከላይ እስከ ታች አነበበችላቸው፤ ስምና ቁጥር፣ ስምና ቁጥር። እናታችን ሰምተው ሲጨርሱ ወደ ወረቀቱ ጠጋ አሉ።

«የኔዋስ የቷ ናት?»

ልጅቷ ትንሽ ግራ ገባት። «ማንን እንደመረጡ አላውቅማ፣ እማማ።»

እሳቸው ወደ ጆሮዋ ተጠግተው አንሾካሾኩላት። ልጅቷ አንድ ቁጥር ላይ ጣቷን አሳረፈች። «እዚህ ውስጥ ነዎት።»

«ይሄ ስንት ነው?»

ነገረቻቸው። ትልቅ ቁጥር አልነበረም።

«ብቻዬን አይደለሁማ!» አሉ እማማ፤ ወዲያው ደግሞ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው፣ «በይ አሁን ያንቺን አሳዪኝ» አሏት።

«ምስጢር ነው፣ እማማ!»

«አይ ሞኝቱ! የእኔን አስወጥተሽ?»