ፓርሊ ፒ. ፕራት

ፓርሊ ፓርከር ፕራት (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 12 ቀን 1807 – ሜይ 13 ቀን 1857) አሜሪካዊ ሰባኪ፣ ሚስዮናዊና ጸሐፊ ሲሆን፣ በተለምዶ ሞርሞን ከምትባለው የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ቀደምት መሪዎች አንዱ ነበር። ከ1835 ጀምሮ እስከ ሞተበት ቀን ድረስ የአሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ጉባኤ አባል ነበር። ታናሽ ወንድሙ ኦርሰን ፕራትም የዚሁ ጉባኤ አባል ነበር። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያ ሕይወትና እምነት

ፕራት የተወለደው በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር በርሊንግተን በተባለ ቦታ ነው። በ1827 ታንክፉል ሃልሲን አግብቶ በኦሃዮ ጫካ መንጥሮ ተቀመጠ። እዚያም የሲድኒ ሪግደንን ስብከት ሰምቶ ወደ ጥንቱ የሐዋርያት ሥርዓት መመለስ ይገባል ከሚሉት ወገኖች ጋር ተባበረ። በ1830 ለስብከት ወደ ኒው ዮርክ ሲመለስ በዚያው ዓመት የታተመውን መጽሐፈ ሞርሞን አግኝቶ አነበበው። ብዙም ሳይቆይ በሴኔካ ሐይቅ በኦሊቨር ካውደሪ እጅ ተጠመቀ።

የስብከት ጉዞዎች

በ1830 መጨረሻ ፕራት ከካውደሪና ከሌሎች ጋር በምዕራብ ለሚኖሩት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች እንዲሰብክ ተላከ። በመንገዳቸው ኦሃዮ ላይ ቆመው የቀድሞ መምህሩን ሪግደንን ጨምሮ ከመቶ በላይ ሰዎች አጠመቁ። ከዚያም በክረምቱ በረዶ ውስጥ ብዙ መንገድ በእግር ተጉዘው ሚዙሪ ደረሱ። የመንግሥት ወኪል ከነባር ሕዝቦቹ ግዛት እንዲወጡ ስላዘዛቸው የታሰበው ስብከት ተቋረጠ። ሆኖም ኦሃዮ ላይ ያገኟቸው አማኞች ቁጥር ብዙ ስለነበር፣ የቤተ ክርስቲያኒቱ መስራች ጆሴፍ ስሚዝ በ1831 መቀመጫውን ወደዚያው ወደ ከርትላንድ አዛወረ።

በ1836 ፕራት በካናዳ ቶሮንቶ ሰብኮ ጆን ቴይለርን አሳመነ። ቴይለር በኋላ የቤተ ክርስቲያኒቱ ሦስተኛ ፕሬዚዳንት ሆነ። በ1840 ደግሞ ፕራት ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ በማንቸስተር «ሚሌኒያል ስታር» የተባለውን መጽሔት ማዘጋጀት ጀመረ፤ መጽሔቱ እስከ 1970 ድረስ ታትሟል።

በ1851 ወደ ቺሊ ያደረገው ጉዞ ግን አልሰመረለትም። ስፓንኛው ደካማ ነበር፣ የአገሩ ሕግም ከካቶሊክ ሌላ ሃይማኖት በአደባባይ እንዲሰበክ አይፈቅድም ነበር። እዚያ የተወለደለት ልጅ በሕፃንነቱ ሞተ። በ1852 አንድም ሰው ሳያጠምቅ ተመለሰ።

እስራትና ወደ ዩታ መሰደድ

በ1838 በሚዙሪ በሞርሞኖችና በጎረቤቶቻቸው መካከል ግጭት ተነሣ፤ አገረ ገዢው ሊልበርን ቦግስም ሞርሞኖች ከክፍለ ሀገሩ እንዲባረሩ ወይም እንዲጠፉ አዘዘ። ፕራት በክሩክድ ሪቨር ውጊያ ስለ ተሳተፈ በነፍስ ግድያ ተከሶ ታሰረ። ስምንት ወር ያህል ከታሰረ በኋላ የአገሪቱ የነጻነት በዓል በሚከበርበት በጁላይ 4 ቀን 1839 ከኮሎምቢያ እስር ቤት አመለጠ።

ስሚዝ በ1844 ከተገደለ በኋላ ፕራት ከሌሎቹ ጋር ወደ ምዕራብ ተሰዶ በ1847 ሶልት ሌክ ሸለቆ ገባ። በተራራው መካከል የከፈተው የቀረጥ መንገድ ያለፈበት ሸለቆ ዛሬም የፓርሊ ሸለቆ ይባላል።

ጽሑፎቹ

በ1837 ያሳተመው «የማስጠንቀቂያ ድምፅ» የቤተ ክርስቲያኒቱን ትምህርት ከሌሎች ጋር እያነጻጸረ የሚያስረዳ መጽሐፍ ሲሆን፣ ለብዙ ዘመን የሚስዮናውያን ዋና መሣሪያ ሆኖ አገልግሏል። በ1855 «የሥነ መለኮት ሳይንስ ቁልፍ» የተባለውን ጻፈ። የሕይወት ታሪኩ ከሞተ በኋላ በ1874 በስሙ በተጠራው ልጁ አዘጋጅነት ወጣ።

አሟሟቱ

ፕራት በዘመኑ የቤተ ክርስቲያኒቱ መሪዎች እንደሚያደርጉት ከአንድ በላይ ሚስት ያገባ ሲሆን፣ በጠቅላላው አሥራ ሁለት ሚስቶችና ሠላሳ ልጆች ነበሩት። የመጨረሻዋ ሚስቱ ኤሊኖር ማክሊን ከባሏ ከሄክተር ማክሊን ብትለይም በሕግ አልተፋታችም ነበር። ባሏ ልጆቻቸውን ከእርሷ ነጥቆ ኒው ኦርሊንስ ወደሚኖሩት ወላጆቿ ላካቸው። ኤሊኖር ልጆቹን ወስዳ ወደ ዩታ ስትጓዝ ማክሊን ተከታትሎ ፕራትንና እርሷን አስያዘ። በአርካንሳስ የቫን ቢውረን ዳኛ ፕራትን በነጻ ቢያሰናብተውም፣ ማክሊን በሜይ 13 ቀን 1857 ደርሶበት በጩቤ ወግቶና በጥይት መትቶ ገደለው። ማክሊን ለፍርድ አልቀረበም።

ግድያው በሞርሞኖች ዘንድ እንደ ሰማዕትነት ሲቆጠር፣ ብዙ የዘመኑ ጋዜጦች ግን ባል ክብሩን ያስመለሰበት ሥራ አድርገው ጻፉት። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር በዩታ ማውንቴን ሜዶውስ ላይ የሞርሞን ታጣቂዎች በአብዛኛው ከአርካንሳስ የመጡ 120 ያህል መንገደኞችን ገደሉ። የታሪክ ጸሐፊዎች ለጭፍጨፋው የተለያዩ ምክንያቶችን ይሰጣሉ፤ በፕራት ሞት የተቀሰቀሰው ቁጣም ከእነዚህ መካከል ይነሣል።

ከዘሮቹ መካከል በ2012 ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት የተወዳደረው ሚት ሮምኒ ይገኝበታል።