የኦሎምፒክ ኳስና እኔ ያስተማርኳችሁ ስህተት

ወዳጆቼ፣ በተለይ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ይቅርታ ይዤ መጥቻለሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ነሐሴ 2 ቀን 2016 ምሽት ደሴ ፒያሳ አንድ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ የፓሪስ ኦሎምፒክን ኳስ አያለሁ። ሞሮኮና ግብጽ ለነሐስ ሜዳሊያ ይጫወታሉ። ውጭው ጭጋግ ነው፤ የደሴን ክረምት ታውቁታላችሁ። ሞሮኮ 6 ለ 0 አሸነፈች። ከኮምቦልቻ ለጉዳይ የመጣ አንድ የድሮ ተማሪዬ ዞር አለና «ቲቸር፣ እኛ ግን ለኦሎምፒክ ኳስ ሞክረን እንኳ አናውቅም አይደል? ክፍል ውስጥ እንደዛ ብለውን ነበር» አለኝ።

እውነቱን ነው፣ ብያለሁ። «ኦሎምፒክ ላይ የኛ ነገር ሩጫ ነው፤ በኳስ ማጣሪያ እንኳ ገብተን አናውቅም» እያልኩ ስንት ዓመት አስተማርኩ። ስህተት ነው። ሳላጣራ፣ ሰው ሲል የሰማሁትን ነው ያወራሁላችሁ። ስለዚህ ትምህርቱን እንደገና ልስጥ።

የሜልቦርን ኦሎምፒክ የተካሄደው በኅዳር 1949 ነው፣ በፈረንጆቹ 1956። ኢትዮጵያ ኦሎምፒክ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየችው ያኔ ነው። የተወዳደሩት 12 ወንዶች ናቸው፤ በአትሌቲክስና በብስክሌት። በኋላ ሜክሲኮ ላይ ማራቶን ያሸነፈው ማሞ ወልዴ ሜልቦርን የሮጠው 800 እና 1500 ሜትር ነበር። ገረመው ደንቦባ ደግሞ በብስክሌት።

ከዚያ በፊት ግን የኳስ ማጣሪያ ነበር። ኢትዮጵያ የተደለደለችው ከግብጽ ጋር ነው። ተጫወትን፣ ተሸነፍን። ግብጽ አለፈች። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ተራ ሽንፈት ነው፣ ማንም አያነሳውም።

አላበቃም። በሐምሌ 1948 ናስር የስዊዝን ቦይ ወረሱ። በጥቅምት 1949 እስራኤል፣ ብሪታንያና ፈረንሳይ ግብጽን ወጉ። ኦሎምፒኩ ሊጀመር ሳምንታት ሲቀሩት የብሪታንያ አውሮፕላኖች የግብጽን አየር ማረፊያዎች ይደበድቡ ነበር። ግብጽም ሜልቦርን አልሄድም አለች። እኛን አሸንፋ የያዘችው ቦታ ባዶ ሆነ።

ባዶ የሆነው እሱ ብቻ አይደለም። ለኳሱ 16 ቡድን ይጠበቅ ነበር፤ ቱርክ፣ ቻይና፣ ደቡብ ቬትናምና ሃንጋሪም ቀሩ። የተጫወቱት 11 ብቻ ናቸው።

አሁን ይህችን ልብ በሉ። የብሪታንያ ቡድን በማጣሪያው በቡልጋሪያ ተሸንፎ ወድቆ ነበር። ቡድኖች ሲቀሩ ግን ተመልሶ ገባ! የወደቀው ገባ፤ ተወግታ የቀረችው የግብጽ ቦታ ግን እንደ ባዶ ቀረ። ብሪታንያም ሜልቦርን ላይ ያችኑ ቡልጋሪያ አግኝታ 6 ለ 1 ተሸነፈች።

ህንድን ደግሞ እዩ። ተጋጣሚዋ ሃንጋሪ ስለቀረች አንደኛውን ዙር ሳትጫወት አለፈች። ከዚያ አውስትራሊያን 4 ለ 2 አሸንፋ ግማሽ ፍጻሜ ገባች። አራተኛ ወጣች፣ እስከ ዛሬም ይኮሩበታል። ኢንዶኔዥያም እንዲሁ ያለ ጨዋታ አልፋ፣ ሌቭ ያሺን በረኛ የነበረበትን የሶቪየት ቡድን 0 ለ 0 ይዛ ወጣች። በድጋሚው 4 ለ 0 ተሸነፈች። ወርቁን የወሰደችው ሶቪየት ኅብረት ናት።

አትሳሳቱ፣ ብንገባ ኖሮ ሜዳሊያ እናመጣ ነበር እያልኩ አይደለም። ከሦስት ወር በኋላ፣ በየካቲት 1949፣ ካርቱም ላይ በመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ያችው ግብጽ 4 ለ 0 አሸንፋናለች። አራቱንም ኤል ዲባ ነው ያገባው። ደግሞስ ሜልቦርን የተወዳደሩት ሰዎቻችን በጠቅላላ 12 ናቸው። 12 ሰው ማለት አንድ የኳስ ቡድንና አንድ ተቀያሪ ነው!

እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። የአፍሪካ ቦታ ባዶ ሲቀር የሚጠይቅ አፍሪካዊ ድርጅት አልነበረም። ካፍ የተመሠረተው ካርቱም ላይ ነው፣ ኦሎምፒኩ ካለፈ በኋላ። መሥራቾቹ ግብጽ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ሲሆኑ ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ምክንያት ከውድድሩ ወጣች። ከኢትዮጵያ በኩል ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ።

ጋሽ ይድነቃቸውን የምናውቃቸው ጥር 13 ቀን 1954 አዲስ አበባ ላይ ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፈን ዋንጫ ባነሳንበት ቀን ነው። ትልቁ ሥራቸው ግን ከሜዳ ውጭ ነው። በ1966 እ.ኤ.አ. ለዓለም ዋንጫ ለአፍሪካ ቀጥተኛ ቦታ አልሰጥም ሲባል፣ ከጋናው ኦሄኔ ጃን ጋር ሆነው አህጉሩ በሙሉ እንዲቀር ከመሩት አንዱ ናቸው። ለ1970ው ቦታው ተሰጠ።

በሐምሌ 1968 ደግሞ ሞንትሪያል ኦሎምፒክ መጣ። የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ስለተጫወተ አብዛኛው አፍሪካ ወጣ። የካፍ ፕሬዚዳንት ያኔ ይድነቃቸው ናቸው። ለኳሱ ያለፉት ናይጄሪያ፣ ጋናና ዛምቢያ ሦስቱም አልተጫወቱም። እኛም ወጣን፤ ምሩጽ ይፍጠር ሳይሮጥ ቀረ። ዋጋው ቀላል አልነበረም። ግን በ1949 የአፍሪካ ወንበር ባዶ ሲቀር ዞር ብሎ ያየ አልነበረም፤ በ1968 ግን ዓለም በሙሉ ስለ አፓርታይድ አወራ። በመካከሉ የተሠራው ሥራ ነው ልዩነቱ።

ከዚያ ወዲህ ናይጄሪያ በአትላንታ፣ ካሜሩን በሲድኒ ወርቅ ወሰዱ። ከባርሴሎና ጀምሮ ውድድሩ የ23 ዓመት በታች ሆኗል። እኛ ግን እስከ ዛሬ አላለፍንም።

እና ለዚያ ተማሪዬ የተስተካከለው መልስ ይኸው፦ ሞክረናል። ገና ከመጀመሪያው ኦሎምፒካችን ጀምሮ በሩን አንኳኩተናል። «ሞክረን አናውቅም» የሚል ልጅና «ሞክረን ነበር፣ አልተሳካም» የሚል ልጅ እኩል አይጫወቱም። ሆጤ ሜዳ ላይ በጠዋት ጭጋግ ውስጥ ኳስ የሚያሯሩጡትን ልጆች ሳይ የማስበው ይህንን ነው። እኔ የመጀመሪያውን ነበር ያስተማርኳችሁ፤ አውፍ በሉኝ።

አብሽሩ፣ ፈተና የለውም። ግን ልጆቻችሁ ሲጠይቋችሁ ትክክለኛውን ንገሩልኝ። የዚያን ዘመን ኳስ ያዩ አባቶችና አያቶች ያሏችሁም ጠይቃችሁ ከታች ጻፉልኝ። ስህተት ካለብኝም አርሙኝ፤ አሁን ተራው የእናንተ ነው።