የባል መጠሪያዎች በእንግሊዝኛና በሌሎች ቋንቋዎች

ባል የሚባለው ያገባ ወንድ ነው። ብዙ ቋንቋዎች መጠሪያውን ያገኙት ከሁለት ምንጮች ነው፤ ከቤት ጌትነት ወይም «ወንድ» ከሚለው ተራ ቃል።

እንግሊዝኛው «ሀዝባንድ» መነሻው ስካንዲኔቪያውያን ሰፋሪዎች ይዘውት የመጡት የጥንቱ ኖርስ ቋንቋ ነው። «ሁስቦንዲ» የራሱ ቤት ያለው አባወራ ማለት ነበር፤ ስለ ሚስት የሚናገረው ነገር አልነበረም። እርሻንና ከብት እርባታን የሚገልጸው «ሀዝባንድሪ» የዚያ ትርጉም ቅሪት ነው። ቃሉ የ«ዋይፍ» ጥንድ ሆኖ ከመጽናቱ በፊት እንግሊዞች ባልን «ዌር» ይሉት ነበር፤ ወንድ ማለት ነው። ጀርመንኛው «ማን» እና ትግርኛው «ሰብኣይ» ዛሬም ወንድንም ባልንም ይጠራሉ።

በሴማዊ ቋንቋዎች ጌትነቱ ጎልቶ ይታያል። የአማርኛው «ባል»፣ የግእዙ «በዓል» እና የዕብራይስጡ «ባዓል» አንድ ሥር አላቸው፤ ሥሩም ባለንብረትነትን ያመለክታል። በትንቢተ ሆሴዕ ምዕራፍ 2 እስራኤል አምላኳን «ባዓሊ» ማለቷን ትታ «ኢሺ»፣ ማለትም «የእኔ ሰው»፣ እንድትለው ይነገራታል። ሴማዊ ባልሆነው ኦሮምኛም «አባ መና» የቤት አባት ማለት ነው። «ባለቤት» ከእነዚህ ሁሉ የሚለይበት ትልቅ ነገር አለው፤ ባልም ሚስትም እኩል ይጠሩበታል። ቤቱን ለሁለቱም የሰጠ በመሆኑ ከአማርኛ ቃላት ሁሉ ፍትሐዊው ይመስለኛል። የሰዋስው መምህራንም የዓረፍተ ነገሩን አድራጊ የሚጠሩት በዚሁ ቃል ነው።

በእንግሊዝኛ ሰዋስው ስለ ባል ስትናገር ሚስት ቃሉን ብቻውን አትተወውም፤ «ማይ ሀዝባንድ» ትላለች። አማርኛ ይህንን በቃሉ ጫፍ ይጨርሰዋል፦ ባሌ፣ ባልሽ፣ ባሏ። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ለሚተረጉም ሰው ከባዱ ጉዳይ አክብሮት ነው። እንግሊዝኛ ሁሉንም ወንድ «ሂ» ሲል አማርኛ ተናጋሪዋ «እሱ» ወይም «እሳቸው» ከሚሉት አንዱን መምረጥ አለባት። ጄን ኦስተን በ1813 ባሳተመችው «ፕራይድ ኤንድ ፕረጁዲስ» ልቦለድ ሚሲስ ቤኔት ባሏን ፊት ለፊት «ሚስተር ቤኔት» እያለች ትጠራዋለች። ተርጓሚው ይህን ርቀት በአማርኛ ለማሳየት «አንቱ» ቢጠቀም ያምርበታል፤ ቀደም ባሉት የሀገራችን ትዳሮች ሚስት ባሏን አንቱ ማለቷ የተለመደ ነበርና።

ስም አለመጥራትም ሰፊ ልማድ ነው። በሰሜን ህንድ ብዙ ሚስቶች የባላቸውን ስም ከአፋቸው ሳያወጡ «የእገሌ አባት» ይላሉ፤ በእኛም «የልጆቼ አባት» የሚሉ አሉ። በከምባታ ዘንድ «ባሊሻ» የተባለው ልማድ ከዚህም ይጠብቃል፦ ያገባች ሴት የአማቶቿን ስም ቀርቶ በስማቸው መነሻ ድምፅ የሚጀምሩ ሌሎች ቃላትንም ትሸሻለች፤ በምትካቸው ሌሎች ቃላት ትጠቀማለች።

ወደ ጌትነቱ ስንመለስ፣ ጃፓናዊት ስለ ባሏ ለሌላ ሰው ስትናገር «ሹጂን» ልትል ትችላለች፤ ቃሉ ጌታ የሚል ትርጉም ስላለው ደስ የማይላቸው ሴቶች «ኦቶ» የሚለውን ይመርጣሉ። በቻይና ከ1949 በኋላ «አይረን»፣ ማለትም «የምወደው ሰው»፣ ለባልም ለሚስትም በስፋት ይነገር ነበር።