ሥነ ጽሑፍና መሠረታዊ የቋንቋ ክህሎት በእንግሊዝኛ ትምህርት

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃና በከፍተኛ ትምህርት ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ደንግጓል። በመሆኑም 9ኛ ክፍል የሚገባ ተማሪ ፊዚክሱንም ታሪኩንም የሚያነበው በእንግሊዝኛ ነው (በአንዳንድ ክልሎች ሽግግሩ ከዚያ ቀደም ብሎ ይጀምራል)። ቋንቋው የከበደው ተማሪ የሚቸገረው በአንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ አይደለም። ከእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ምን ያህሉ ለልቦለድና ለግጥም፣ ምን ያህሉ ለማዳመጥ፣ ለመናገር፣ ለማንበብና ለመጻፍ ይዋል የሚለው ጥያቄ ወላጆችንም የሚመለከተው ስለዚህ ነው።

በቅድሚያ የክህሎቱ መሠረት መጣል አለበት። በንባብ ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያመለክቱት አንባቢ አንድን ጽሑፍ ያለ ረዳት በሚገባ ለመረዳት ከ100 ቃላት 98 ያህሉን ማወቅ ይኖርበታል። በየመስመሩ መዝገበ ቃላት ለሚያገላብጥ ተማሪ የታሪኩ ፍሰት ይጠፋበታል፤ መምህሩም ልቦለዱን በአካባቢው ቋንቋ ተርኮ ለማለፍ ይገደዳል። ያን ጊዜ ተማሪው የሚይዘው የገጸ ባሕርያቱን ስም እንጂ ቋንቋውን አይደለም።

ይህ ሲባል ሥነ ጽሑፍ ይቅር ማለት አይደለም። ለደረጃው የተመጠነ የአንድ ገጽ ታሪክ ከተነጠለ የሰዋስው መልመጃ የበለጠ ያስተምራል። ተማሪው መጨረሻውን ገምቶ ሲናገር፣ ጓደኛው ሲያነብ ሲያዳምጥ፣ ታሪኩን በራሱ ቃል በአምስት ዓረፍተ ነገር ሲጽፍ አራቱም ክህሎቶች በአንድ ላይ ይሠራሉ። ታሪኩ በአፍ መፍቻ ቋንቋው የሚያውቀው ተረት ከሆነ ደግሞ ሸክሙ በእጅጉ ይቀላል።

ረዘም ያለ ሥራ ወደ ላይኞቹ ክፍሎች ቢቆይ ይመረጣል። ኢትዮጵያውያን ደራስያን በእንግሊዝኛ ከጻፏቸው መካከል የሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም «ዘ አፈርሳታ» (እ.ኤ.አ. 1968) እና የዳኛቸው ወርቁ «ዘ ተርቲንዝ ሰን» (እ.ኤ.አ. 1973) ይጠቀሳሉ፤ የኋለኛው ግን ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚስማማ ነው።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በምርጫ ጥያቄ የሚሰጥ በመሆኑ የመናገርና ድርሰት የመጻፍ ችሎታን በቀጥታ አይመዝንም። እነዚህ ሁለቱ በቀላሉ የሚዘነጉትም በዚሁ ምክንያት ነው። ወላጆች የልጃቸውን ደብተር ገልጠው በወሩ ውስጥ ተማሪው ራሱ የጻፈው አንቀጽና የመምህሩ እርማት መኖሩን ማየት ይችላሉ። ከሌለ ጉዳዩን ለትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ወይም ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ማቅረብ ይገባል።