የኖርዌይኛ ጥምር ስም

በኖርዌይኛ ጥምር ስም ማለት ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ቃላት ተጋጥመው የሚሠሩት ስም ነው። ያለ ክፍተት፣ እንደ አንድ ቃል ይጻፋል።

አሠራር

የጥምሩን ዋና ትርጉም፣ ጾታና እርባታ የሚወስነው የመጨረሻው ቃል ነው። ለምሳሌ «ባርን» (ልጅ) ግዑዝ ጾታ ሲኖረው «ሃገ» (የአትክልት ቦታ) ተባዕታይ ነው፤ ስለዚህ ከሁለቱ የተሠራው «ባርነሃገ» (መዋዕለ ሕፃናት) ተባዕታይ ነው። በመካከል የገባው «ኧ» አያያዥ ድምፅ ነው። በሌሎች ጥምሮች አያያዡ «ስ» ይሆናል፦ «አርባይድ» (ሥራ) እና «ፕላስ» (ቦታ) ተጋጥመው «አርባይድስፕላስ» (የሥራ ቦታ) ይሰጣሉ። ብዙ ጥምሮች ግን አያያዥ የላቸውም።

አከፋፈል

ጥምር ስም በመስመር መጨረሻ ሲከፈል ሰረዙ በቃላቱ መጋጠሚያ ላይ ይገባል፤ አያያዡም ከፊተኛው ቃል ጋር ይቀራል፦ «ባርነ-ሃገ»፣ «አርባይድስ-ፕላስ»። «ቡስ» (አውቶቡስ) እና «ስቶፕ» (ማቆሚያ) ሲጋጠሙ በላቲን ፊደል ሦስት «ስ» ይገናኛሉ፤ የሚጻፉት ግን ሁለት ብቻ ናቸው። ቃሉ በመጋጠሚያው ሲከፈል ሦስተኛው ተመልሶ ይጻፋል።

የተለመደ ስህተት

ጥምሩን ነጣጥሎ መጻፍ ትርጉሙን ሊለውጥ ይችላል። «ላመሎር» የጠቦት ጭን ሥጋ ነው፤ «ላመ ሎር» ተብሎ ሲነጣጠል ግን «ሽባ ጭኖች» ማለት ይሆናል።