«ጓድ» እና «እርስዎ»፦ የአክብሮት አነጋገር በመሠረተ ትምህርት ጣቢያ

ግእዝ «አንተ» እና «አንቲ» ሲል ለአክብሮት የተለየ ተውላጠ ስም የለውም። አማርኛ ግን «አንቱ» እና «እርስዎ»ን አክሎ ግሡን ጭምር በክብር ለየ፤ አንድን ሰው «ጻፍ» ወይም «ይጻፉ» ሳይሉ ማዘዝ አይቻልም።

የ1966 ዓ.ም. አብዮት የቀድሞዎቹን የመኳንንት ማዕረጎች ሽሮ «ጓድ»ን አነገሠ። ይሁን እንጂ የተለወጠው መጠሪያው ነው፤ «ጓድ ሊቀመንበር» የተባለውን ሰው በ«አንተ» የሚያነጋግረው አልነበረም። እኩልነት ከስሙ አልፎ እስከ ግሡ አልዘለቀም።

ጉዳዩ የከበደው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ከአስተማሪዎቹ ብዙዎቹ ወጣት ተማሪዎች ሲሆኑ፣ ከፊታቸው የተቀመጡት የአባትና የእናት እኩዮች ነበሩ። በመደበኛው ክፍል መምህር ተማሪውን «አንተ» ይላል፤ ያንኑ ልማድ ወደ ሽማግሌ ማዞር ግን ፊደል ያልቆጠረን ጎልማሳ ከሕፃን መቁጠር ይሆናል። ሽማግሌውም በበኩሉ «የኔታ» ብሎ መምህርን ማክበር የለመደ ነው፤ በዕድሜ ልጁ የሆነውን መምህር ምን ብሎ ይጥራው?

የመማሪያ መጻሕፍት «አንብቡ»፣ «መልሱ» በሚለው የብዙ ቁጥር ከዚህ ጣጣ ያመልጣሉ። አስተማሪው ከአንድ አዛውንት አጠገብ ቆሞ እርሳስ አያያዝ ሲያሳይ ግን ብዙ ቁጥሩ አያገለግለውም።